ሦስት ስልሳኛ

ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ከሲኒማው ጀርባ፣ በብረት ደረጃ የሚገባ
ጌም ቤት አለ፤ አምስት ስክሪን፣ አንድ ራውተር፣ ቆርቆሮው የሚያነባ።
ትርንጎ እዚያ ናት፤ ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አኑራ
ድሬዳዋ ካለ ኑረዲን ጋር ልትደባደብ ተቀጣጥራ።

ቁልፉን ትጫናለች፤ ተዋጊዋ ወዲያው አይነሳም፤
ጣቷ ያዘዘውን እግሩ ገና አልሰማም።
«ኧረ ይጎትታል!» ስትል
ኔትወርኩን የሰደበች ይመስላታል፤
ኮዱን የጻፍኩት እኔ ግን፣ ከኋላዋ ቆሜ፣
እርግማኗን እቀበላለሁ በገዛ ስሜ።

ተራራውን አልንድም። ሽቦው የዞረበትን ዞሮ፣
ቆላ ወርዶ፣ ደጋ ወጥቶ፣ ስንት ማማ ተሻግሮ
ነው ድሬ የሚገባው። መንገዱን ማሳጠር አልችልም፤
የምችለው መጠበቁን መደበቅ ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም።

አንዱን ሰከንድ ስልሳ ቦታ እሸነሽናለሁ፤
ከስልሳው ሦስቱን ለሁለቱም እኩል አዘገያለሁ።
ሦስት ስልሳኛ፦ ዐይን ተከድኖ ሳይገለጥ የምታልፍ፣
ጣት የማያውቃት፣ የጊዜ ቅንጥብ፣ የጊዜ ትራፍ።
የቀረውን ማሽኑ ይገምት። ኑረዲን ወደፊት ሲል ነበር?
አሁንም ወደፊት ነው እንበል፣ ወሬው ከድሬ እስኪነገር።
ልክ ከሆነ፣ ማንም አላወቀ።
ካልሆነ፣ ዓለም ሰባት እርምጃ ወደ ኋላ ይጠቀለላል፣
ስህተቱን ተፍቶ፣ እውነቱን ጎርሶ፣ በቅጽበት ይመለሳል።
ዝላዩ እንዳይታይ ከቡጢው በፊት ትከሻውን አስነሳለሁ፣
እርማቱን በትከሻው ጥላ ውስጥ እሸጉጣለሁ።
ድምፁን ግን አልቸኩልበትም፦ ዐይን ይቅር ባይ ነው፣ ጆሮ ቂመኛ፤
አንዴ የተሰማን «እህ!» የሚመልስ አልተገኘም ዳኛ።

አንድ ሰሞን ስስት ያዘኝ፣ ሦስቷንም ሰረዝኩ፤
ሁሉም ግምት ይሁን ብዬ ጨዋታውን ለቀቅኩ።
ቁልፍ ሲነካ ቡጢ ሆነ። ኑረዲን ግን ፌንጣ ሆኖ ተፈናጠረ፤
ወድቆ ያየነው ሳይነሳ ቆሞ ነበረ።
ትርንጎ ጆይስቲኩን አስቀመጠች፦
«ይኼ ልጅ የለም እኮ፤ የምመታው ያንተን ግምት ነው» አለች።

ቤት ገባሁ።
አባቴ አንዳርጌ፣ አርባ ዓመት ሰዓት ጠጋኝ፣
ሰከንድ የሚባል ነገር እንዳለ መጀመሪያ ያሳየኝ፣
ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቃሉ ከአፉ ዘግይቶ ነው የሚወጣ፤
እኔ ነኝ «ው…» ሲል፣ ሳይጨርስ፣ ውሃ ይዤ የምመጣ።
ስንት ወር! ይጠጣል፤ ብርጭቆውን ይመልሳል።
ጎበዝ ገማች ነኝ እል ነበር፤ ፊቱን ማየት ማን ያስታውሳል።
ያን ማታ ግን ደክሞኝ ነበር፣ ብርጭቆው ሩቅ ነበር፣
ዝም ብዬ ቆየሁ። ከንፈሩ ሲታገል፣ ሲሰበሰብ፣ ሲሰበር፣
«ውጭ» አለ።

ውጭ።
ክረምቱን ሙሉ በር ክፈትልኝ ሲለኝ ውሃ ሳጠጣው፣
እሱም ግምቴን ላለማፍረስ ሳይጠማው ሲጠጣው።
ጨዋታ ሰባት እርምጃ ይመለሳል።
ክረምት ወዴት ይመለሳል?

በማግስቱ ሦስቷን ስልሳኛ ወደ ቦታዋ መለስኳት፤
ትርንጎ አላወቀችም፤ ኑረዲን ብቻ ሰው ሆነላት።

አሁን አመሻሽ ላይ ደጅ ነን፣ እኔና አባቴ፣ ባንድ አግዳሚ፤
የፋሲል ግንብ ጫፍ ይታያል፣ ከታች የባጃጁ አጉረምራሚ።
«ፀ…» ይላል። አውቄዋለሁ፦ ፀሐይዋ ከግንቡ ጀርባ ልትገባ ነው፤
ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል፤ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት፣ የሱ ነው።
እቆጥራለሁ። አንድ። ሁለት። ባጃጁ ዳገቱን ጨረሰ። ሦስት።
ስልሳ። መቶ ሃያ።
ፀሐይዋ ገባች።
«ፀጉርህን» አለ፣
«ተቆረጥ።»